ለመተማ ቆላ የሚሆን የዕድሜ ልክ ሰዓት

መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚያገናኘውን ድልድይ በእግር ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በሰዓት ከታየ ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ሙሉ አንድ ሰዓት አለ። ሱዳን በ1992 ዓ.ም. ሰዓቷን ወደፊት ገፍታ ከኢትዮጵያ ጋር አስተካክላው ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን ወደ ቀድሞው መለሰችው። ከዚያ ወዲህ መተማ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው፤ ገላባት ላይ ደግሞ 7 ሰዓት። ሰሊጥ የጫነ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የጉምሩክ ሰነድ የሚያስጨርስ ትራንዚተር፣ ከማዶ ዘመዱን የሚጠብቅ ሰው በሦስት ቁጥር መካከል ይውላል።

«ስልኬ አለልኝ» የሚል ይኖራል። ሆኖም ድንበር ላይ ያለ ስልክ ከማዶ የሚመጣ ኔትወርክ ከያዘ ሰዓቱን በራሱ ሊቀይር ይችላል፤ ባለቤቱም ሳያውቅ አንድ ሰዓት ይዘገያል። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ከገንዳ ውኃ ርቆ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ እርሻዎች ሲገባ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኪስ ውስጥ የተኛ ዕቃ ይሆናል። የእጅ ሰዓት ከማንም ኔትወርክ ጋር ሳይነጋገር የሰጡትን ሰዓት ይዞ ይቆያል።

ይህ ምዕራፍ አንድ ጊዜ መርጦ፣ ዕድሜ ልክ አስሮ፣ ከዚያም ለልጅ ማውረስ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። መለኪያችን የመተማ ቆላ ነው። በዚያ ሙቀትና አቧራ የሚጸና ሰዓት በሌላው የአገራችን ክፍልም አያሳፍርም።

ደቂቃ የሚፈለግባቸው ሰዓቶች

በቆላው ብዙ ሰው ጊዜን በፀሐይ ይገምታል። ግምቱ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሊስት የሚችልበት ምክንያት አለው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከመተማ በስተምሥራቅ ርቆ በሚያልፍ የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ስለዚህ መተማ ላይ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ የምትደርሰው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ20 እስከ 6 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጥላውን አይቶ «አሁን ስድስት ነው» የሚል ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊሳሳት ይችላል።

ግማሽ ሰዓት ለማሳ ሥራ ምንም ላይሆን ይችላል። ለበሽተኛ ግን ብዙ ነው። ወባ በቆላው የሁልጊዜ ፈተና ነው፤ በሰፊው የሚሰጠው ኮአርተም ደግሞ በሰዓት የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ለአዋቂ ሰው 24 ፍሬ በ6 ጊዜ ተከፍሎ በ3 ቀን ውስጥ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ማታ 3 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መንቃት አለበት ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ የሕፃን ሳንባ ምች ስትመረምር የልጁን አተነፋፈስ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። እዚህ ላይ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው፣ በግልጽ የሚነበብ ሰዓት ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው።

ሰዓትን ቆላ ውስጥ የሚገድለው ምንድን ነው?

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነገር ግን ሙቀት ብቻውን ሰዓትን አይገድልም። የእጅ ሰዓት ክንድ ላይ እስካለ ድረስ የሰውነታችን ሙቀት ይጠብቀዋል። አደጋው ሰዓቱን አውልቆ ፀሐይ በሚመታው የመኪና መስታወት ሥር ወይም በቆርቆሮ ላይ መተው ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰዓት የጎማ ቀለበቶቹ ይደርቃሉ፣ ዘይቱ ከቦታው ይሸሻል፣ ባትሪው ያረጃል።

ዋናው ጠላት አቧራ ነው። የቆላው ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቅና መኪና፣ ከብትና ንፋስ ያነሱታል። የሰሊጥ ማራገፊያ ወቅትም ሌላ ብናኝ ይጨምራል። ደቃቁ ብናኝ ወደ ሰዓት የሚገባበት ቀላሉ በር መሙያው ነው፤ ማለትም በጎኑ ያለችው ሰዓት የምንሞላባትና የምናስተካክልባት ቁልፍ። ይህን ያስተዋለ ሰው የሰዓትን ታሪክ ለውጦታል። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃርዉድ አቧራና እርጥበት የሚገቡት በመሙያው ቀዳዳ መሆኑን ስላየ፣ በእጅ መሙላት ሳያስፈልግ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላ የእጅ ሰዓት ሠራ፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1924 በስዊዘርላንድ አገኘ። ዛሬ አውቶማቲክ የምንለው ሰዓት የተወለደው ከአቧራ ጋር ከተደረገ ትግል ነው።

ሦስተኛው ላብና ውኃ ነው። ላብ ጨው ስላለው ርካሽ ብረትን ይበላል፣ ቆዳንም ያበሰብሳል። ውኃ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። በፀሐይ የጋለ ሰዓት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ያረጀ የጎማ ቀለበት ካለው እርጥበትን ከውጭ ይስባል። መስታወቱ ከውስጥ በጉም መሸፈኑ የዚህ ምልክት ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዲት የተባለው ቅመም ያለበት የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ፕላስቲክን ያሟሟል። ከፕላስቲክ የተሠራ መስታወትና ማሰሪያ በዚህ ቅባት ይደበዝዛል፣ ይጣበቃል። ቅባቱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ወባን መከላከል ከሰዓት ይበልጣል። ቅባቱን ከተቀቡ በኋላ እጅን ታጥቦ ሰዓቱን መንካት ይበቃል።

ማሽኑ

የሰዓት ልቡ ማሽኑ ነው፤ ስሙ ከፊቱ ላይ የተጻፈው አይደለም። በዛሬው ገበያ ሦስት ዓይነት ያጋጥማል።

የመጀመሪያው ኳርትዝ ነው። ሲኮ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የዛሬውን ኳርትዝ ሰዓት ባትሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ በውስጡ ያለች ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። በወር የሚሳሳተው በሰከንዶች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው ለምሳሌ በወር እስከ 30 ሰከንድ ይሳሳታል፤ አንድ ባትሪም 7 ዓመት ያህል ያገለግለዋል። ክሪስታሏ ግን የምትረጋው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በራቀ መጠን ትዘገያለች። 45 ዲግሪ ውስጥ ቀንና ሌሊት የተተወ ኳርትዝ በቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ይህ ትንሽ ነው። ትልቁ ችግር ያለቀ ባትሪ ሰዓቱ ውስጥ ሲቆይ ፈሳሽ ማውጣቱና ማሽኑን ማበላሸቱ ነው። የተበላሸ የኳርትዝ ማሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይጠገንም፤ በሌላ ይተካል።

ሁለተኛው በብርሃን የሚሞላ ኳርትዝ ነው። ሲቲዝን በብርሃን የሚሠራ ባለ ቆጣሪ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1976 አውጥቷል፤ ዛሬ ኢኮ ድራይቭ የሚባለው የዚያ ልጅ ነው። ባትሪ መቀየር የለም፤ ፀሐይ ደግሞ በመተማ ሞልቷል። የሰዓት ሠሪ በሌለበት የእርሻ ካምፕ ለሚኖር ሰው ይህ ብልህ ምርጫ ነው። በውስጡ ያለው ኃይል ማጠራቀሚያ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ መቀየሩ አይቀርም፤ በቀላሉም ላይገኝ ይችላል።

ሦስተኛው አውቶማቲክ ነው። በስፕሪንግና በጥርሳም ጎማዎች ይሠራል፤ ክንድ ሲወዛወዝ በውስጡ ያለ ክብደት ዞሮ ስፕሪንጉን ይሞላዋል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው የዚህ ዓይነት ሰዓት ሲኮ ፋይቭ ነው። ሲኮ ይህን ቤተሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። 7ኤስ26 የሚባለው ማሽኑ 21 የማዕድን ድንጋይ አለው፤ ሙሉ ሲሆን ሳይታሰር 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ትክክለኛነቱ ከኳርትዝ ያንሳል። ፋብሪካው ራሱ የሚፈቅደው በቀን 20 ሰከንድ ወደኋላ እስከ 40 ሰከንድ ወደፊት ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ማስተካከል ሊጠይቅ ይችላል። በምትኩ የሚሰጠው ነገር ትልቅ ነው። እያንዳንዱ አካሉ ሊፈታ፣ ሊታጠብ፣ ዘይት ሊቀባና ሊቀየር ይችላል። ኤንኤች35 የተባለው የሲኮ ማሽንና በሲቲዝን ሥር ያለው ሚዮታ የሚያወጣው 8215 በብዙ የተለያየ ስም ባላቸው ሰዓቶች ውስጥ ስለሚገኙ መለዋወጫቸው አይጠፋም። ከሃያ ዓመት በኋላም ሰዓት ሠሪው ማሽኑን በሙሉ አውጥቶ በዚያው ዓይነት ሊተካው ይችላል።

መጥረቢያ፣ ትራክተርና ከባድ ጭነት የዕለት ሥራው ለሆነ ሰው ሌላ ነገር ማሰብ ይገባል። ኪኩዎ ኢቤ የተባለው የካሲዮ መሐንዲስ ከ10 ሜትር ወድቆ የማይሰበር፣ 10 ባር የውኃ ግፊት የሚችልና ባትሪው 10 ዓመት የሚቆይ ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ጂ-ሾክ ወጣ። መመታትንና መውደቅን በመቋቋም ከእሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን የፕላስቲክ ልብሱ በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ለሥራ ቀን ይሁን፤ ለውርስ አይሆንም።

ቀፎው፣ መስታወቱ፣ ማሰሪያው

ቀፎው 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ይሁን። የወርቅ ቅብ በላብ ይላጣል፤ ከሥሩ የሚወጣው ርካሽ ብረትም ቆዳን ያሳክካል። በጀርባው ላይ የተጻፈውን የውኃ መቋቋሚያ ቁጥር ማንበብ ይልመዱ። 30 ሜትር ማለት ወንዝ ውስጥ 30 ሜትር መጥለቅ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ዝናብና ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው። 50 ሜትር ትንሽ ይሻላል። ለቆላ የሚበቃው 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ነው። ውኃን በደንብ የሚዘጋ ቀለበት አቧራንም ይዘጋል። መሙያው እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ የሚዘጋ ከሆነ የበለጠ ነው።

መስታወት ሦስት ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ አይሰበርም፤ ግን ቶሎ ይጫራል። ተራው የማዕድን መስታወት መሃከለኛ ነው። ሳፋየር ከሁሉ ይጠነክራል። ምክንያቱ በቁጥር ይገለጻል። የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካው የሞስ መለኪያ በአሸዋና በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው፤ ተራው መስታወት ከዚያ በታች ነው፤ ሳፋየር 9 ነው። አቧራ የተቀመጠበትን ተራ መስታወት በልብስ መጥረግ ራሱ ይጭረዋል፤ ሳፋየርን ግን አይጭረውም። ቢሆንም ሳፋየር በድንጋይ ላይ በጠርዙ ከወደቀ ሊሰበር ይችላል።

ማሰሪያ የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ቆዳ ለቆላ አይሆንም። ናይለን ወይም ብረት ይሁን። ወሳኙ ነገር ማሰሪያው የሚገባበት ስፋት 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። እነዚህ በየገበያው ይገኛሉ። የራሱ ልዩ ማሰሪያ ብቻ የሚቀበል ሰዓት ማሰሪያው ሲበጠስ ጠረጴዛ ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። እገታና ዝርፊያ ባስቸገረው የምዕራብ ጎንደር መንገድ ላይ የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ሰዓት ዓይን ይስባል። ደብዛዛ ብረት፣ ጥቁር ወይም ነጭ ፊት፣ ጎልተው የሚታዩ ቁጥሮች ያሉት ሰዓት ለባለቤቱ ያገለግላል እንጂ ለሌላው አይናገርም።

የቀን ቁጥር ያስፈልገናል?

ከውጭ የሚመጣ ሰዓት ቀን ቢያሳይ የሚያሳየው የፈረንጁን ነው። የቀን መንኮራኩሩ እስከ 31 ይቆጥራል። በፈረንጁ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው በዓመት 5 ጊዜ ያስተካክለዋል። በእኛ አቆጣጠር ልጠቀምበት ካልን ግን ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ መጨረሻ 31ን መዝለል አለብን። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ደግሞ መስከረም 1 ለመድረስ 26 ቁጥር ማሽከርከር ይጠበቅብናል። በድምሩ በዓመት 13 ጊዜ መሙያው ይከፈታል፤ መሙያው በተከፈተ ቁጥር ለአቧራ በር ይከፈታል።

ገንዘብ ይህን አያስቀርም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለ የፓቴክ ፊሊፕ 2497 ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 በጄኔቫ በክሪስቲ ጨረታ ቀርቧል። ሰዓቱ ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ያለው፣ የፈረንጆቹ የካቲት 28 ቀን ይሁን 29 ራሱ የሚያውቅ ድንቅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ጳጉሜንን አያውቅም። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ የዕድሜ ልክ ሰዓት ቀን የሌለው ይበልጣል። ካለውም በፈረንጁ ይሞላና ለሰነድና ለባንክ ጉዳይ ይዋል።

ቀን ያለውን ሰዓት በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ሞልቶ የሚያስር ሰው አንድ ጥንቃቄ ያድርግ። ቀኑ የሚገለበጠው ሰዓቱ በውስጡ እኩለ ሌሊት ነው ብሎ በሚቆጥረው 12 ላይ ነው። ይህ 12 የንጋቱ እንጂ የማታው እንዳይሆን አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል። ቆጣሪው በ9 እና በ3 መካከል ሳለም ቀን መቀየር አይገባም፤ ጥርሶቹ በተያያዙበት ጊዜ ቢገፉ ሊሰበሩ ይችላሉ።

የድንበሩን ሦስት ቁጥር ለማንበብ ተጨማሪ ቆጣሪ አያስፈልግም። በእኛ የተሞላ ሰዓት 2 ላይ ሲያመለክት ትይዩው 8 ነው፤ እሱ የፈረንጁ ነው። ከዚያ አንድ ሲቀነስ 7፣ የገላባት ሰዓት ነው። ስለዚህ ባለ 12 ቁጥር ተራ ፊት ለመተማ ይበቃል።

ኦርጅናልና ፎርጅድ

ታዋቂ ስም ሁሉ ፎርጅድ አለው። ገዢ በመደብሩ ውስጥ ሊያረጋግጣቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። በሲኮ ጀርባ ላይ የማሽኑና የቀፎው ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ በ7ኤስ26 ይጀምራል። ያው የማሽን ቁጥር በፊቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል መደገም አለበት። ባለ 6 አሃዝ መለያ ቁጥሩ የመጀመሪያው አሃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ ሁለተኛው ወሩ ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ፣ ወይም የሰከንድ ቆጣሪው በሰከንድ አንዴ እየዘለለ ሻጩ «አውቶማቲክ ነው» ካለ፣ መተው ይሻላል።

አያያዝ

ጥሩ ሰዓት ካልተያዘ ከርካሹ አይሻልም። መሙያውን በአቧራና በንፋስ ውስጥ አይክፈቱ፤ ቤት ገብተው ያስተካክሉ። ማታ ሲያወልቁ በእርጥብ ጨርቅ ላቡን ያብሱ። ድምፅ ማጉያና ማግኔት ባለበት፣ በስልክም ላይ አያስቀምጡት፤ ማግኔት አውቶማቲክን ያፈጥናል። በየጥቂት ዓመቱ የጎማ ቀለበቶቹን ያስቀይሩ። አውቶማቲክ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ይፈልጋል። ያለቀ ባትሪ ያለበትን ሰዓት ባትሪውን ሳያስወጡ መሳቢያ ውስጥ አይተዉ።

ምርጫው

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ጎንደር ወይም ሌላ ከተማ እየወጣ ሰዓት ሠሪ ማግኘት ለሚችል የመተማ ሰው፣ 316ኤል ብረት የሆነ፣ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ውኃ የሚችል፣ መሙያው ቢቻል በጥምዝ የሚዘጋ፣ የሳፋየር መስታወት ያለው፣ ቀን የሌለው፣ በስፋት በሚታወቅ ማሽን የሚሠራ አውቶማቲክ ይሁን። ከከተማ ርቆ በእርሻ ካምፕ ለሚኖር በብርሃን የሚሞላው ይሻለዋል። ዋጋው ለአሁኑ ከበዛ፣ ተራ ካሲዮ እያሰሩ ገንዘብ ማጠራቀም በፎርጅድ ከመታለል የተሻለ ነው።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። የማሽኑን ቁጥር ይጻፉና ለሚያምኑት ሰዓት ሠሪ ያሳዩ። «ይህን ፈትቼ እሠራዋለሁ፤ ዕቃውም ይገኛል» ካለዎት ይግዙት። ካላለዎት ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት።